እትዬ ቀስ በቀስ የፈጠነችበት ቀን

በልጅነቴ ዓለም አንዳንዴ ይቸኩልብኝ ነበር። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ቁጭ ባልኩበት፣ ምንም ሳልሆን፣ ሰው ሁሉ ድንገት የረፈደበት ይመስላል። አባዬ ሾርባ ሲጠጣ ማንኪያው ከሳህኑ ወደ አፉ፣ ካፉ ወደ ሳህኑ ይከንፋል፤ አክስቴ ፀጉሬን ስታበጥር ማበጠሪያው ጭንቅላቴን ሊያርሰው የመጣ ይመስለኛል። ድምፅም ይለወጣል። ጮክ አይልም፣ ይቀርባል፤ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ይቆጣኛል። "ውሃ አቀብይኝ" ሲሉኝ ወርውረው የመቱኝ ያህል እደነግጣለሁ። የገዛ እጄን እንኳ አፍንጫዬን ልከክ ብዬ ሳነሳው በጥፊ ሊያጮለኝ የመጣ መስሎኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይና፣ እንደ ስቅታ፣ መቼ እንደለቀቀኝ ሳላውቅ ይለቀኛል።

መጀመሪያ የመጣብኝ በስድስት ዓመቴ፣ ትኩሳት ይዞኝ ነው። ትኩሳቱ ሄደ፤ እሱ ግን ወዳጅነቱ ጥሞት በወር አንድ ሁለቴ እየመጣ ይጠይቀኝ ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም። ደብቄው አይደለም። ስቅታ ይዞኝ ነበር ብሎ የሚያወራ ሰው አለ? ሁሉም ሰው ላይ የሚመጣ ነገር መስሎኝ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አክስቴን ጠየቅኳት። ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

"አክስቴ፣ አንቺም ላይ ቀኑ ይቸኩልብሻል?"

"እኔ ላይማ ከነጋ እስኪመሽ ነው የሚቸኩልብኝ!" አለችና እግሯን አሸት አሸት አደረገች። "ምነው፣ ዛሬ ገና ታየሽ?"

በቃ፣ ነገሩ እዚያው ላይ ተዘጋ። አክስቴ ላይ ቀኑን ሙሉ ከቸኮለ፣ የእኔዋ አሥር ደቂቃ ምን ወሬ ትሆናለች?

አክስቴ የአባዬ ታላቅ እህት ናት። እናቴ ጡት ሳልጥል ስላረፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ፖስታ ቤት ደብዳቤ ትለይ ነበር፤ እጇ ከዓይኗ ይቀድማል። አባዬ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ሲቀልድ ውሎ የተረፈውን ቀልድ ለእኛ ይዞ ይገባል። በሦስተኛው ክፍል ውስጥ ደግሞ አያቴ ትተኛለች። ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካለ፣ ንግግሯም ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነበር። ቀኝ እጇና ሁለት ዓይኖቿ ብቻ ነበሩ የቀሯት። ሁለቱ ዓይኖች ግን የሦስት ሰው ሥራ ይሠሩ ነበር፤ እኔ ስኳር ሰርቄ ሳልፍ እንኳ ያውቁብኛል።

እሷን የምታስታምም አንዲት ሴት ተቀጠረች። ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ዓመት በጽዳት ሠርታ፣ የነርሶቹን ሙያ በዓይኗ የለቀመች ናት አሉ። እኔ "እትዬ" ነበር የምላት። አባዬ ግን በገባች በሳምንቷ ስም አወጣላት።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል" አለ። "ይቺን ሴት ግን እንቁላሉ ጥሏት ሄዷል።"

ከዚያ ወዲያ እትዬ ቀስ በቀስ ሆነች። እውነትም የእሷን ዝግታ የሚስተካከል አላየሁም። አያቴን ከመንካቷ በፊት ሁለት እጆቿን የሻይ ማንቆርቆሪያው ላይ ለጥፋ ታሞቃለች። ከዚያ የምታደርገውን ሁሉ አስቀድማ ትናገራለች። "እማማ፣ አሁን ክንድዎን ላነሳው ነው። ይኸው አነሳሁት። አሁን ደግሞ ቀስ ብዬ ትራሱ ላይ ላስቀምጠው ነው። ይኸው።"

"የእግር ኳስ ጨዋታ ነው እንዴ የምታስተላልፊው?" ይላታል አባዬ ከውጭ። "ጎል ሲገባ ጥሪኝ!"

እሷ ቀና ብላ፣ አስባ፣ ፈገግ እስክትል አባዬ ጫማውን አስሮ ወጥቷል።

አንድ ቀን ወደ ቤቷ ልትሄድ ቦርሳዋን ይዛ አክስቴ ፊት ቆመች። "እመቤት፣ የእማማ ደረት አክታ ይይዛል። ከሰዓት ከሰዓት የማደርግላቸው ነገር አለ። እሑድ እሑድ እኔ ስለማልመጣ፣ አንድ ቀን ላሳይዎት..."

"ነገ" አለች አክስቴ። "ነገ ታሳዪኛለሽ። ዛሬ እግሬ ሊፈነዳ ነው።"

በማግስቱም ነገ ተባለ። እኔ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ምን ላድርገው? የትልቅ ሰው ወሬ ጭንቅላቴ ላይ እንደሚያልፍ ወፍ ነበር፤ ጥላው ብቻ ነው የሚነካኝ።

ነገሩ የሆነ ቀን ትምህርት ቤት ውሃ ጠፍቶ በጊዜ ለቀቁን። ስምንት ዓመቴ ነበር። የቤታችንን ደረጃ ስወጣ የገዛ ጫማዬ ድምፅ ከኋላ ያባርረኝ ጀመር፤ ጧ ጧ ጧ። መጣ አልኩ በልቤ። የደረጃውን ብረት ይዤ ቆምኩ። የታችኛው ቤት ልጅ ኳስ ሲያነጥር መትረየስ ይመስላል። ቤት ገብቼ እስኪያልፍ ልተኛ ብዬ በሩን ገፋሁ።

የአያቴ ክፍል በር አንድ ጣት ያህል ገርበብ ብሏል። በዚያች ቀዳዳ ነው ያየሁት።

አያቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በጎኗ ተኝታለች። ልብሷ ከኋላ ተገልጧል። እትዬ ቀስ በቀስ ከጀርባዋ ተንበርክካ ትመታታለች። እጇ አይታይም፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ ነው የሚሄደው፣ ጀርባዋ ላይ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች። "በርቱ! በርቱ እማማ! በርቱ!" ትላለች፤ ድምፅዋ ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል፣ ይቆጣል፣ ያስፈራራል። አያቴ አፏ ተከፍቷል፣ ሰውነቷ ይርገፈገፋል። ከዚያ ሴትየዋ ጭንቅላቷን ይዛ ወደ ሳፋ ደፋቻት።

ሮጬ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ምን ያህል እንደተቀመጥኩ እንጃ። ኳሱ ወደ ኳስነቱ ሲመለስ በሩ ተከፈተና እትዬ ብቅ አለች። እጇን በፎጣ፣ ጣት በጣት፣ እያደረቀች።

"መጣሽ፣ ልጄ?... ምነው... በጊዜ?... ሾርባ ላሙቅልሽ?"

አይ ማስመሰል! አልኩ በሆዴ። አሁን እንደዚያ ስትቀጠቅጥ የነበረች ሴት፣ አሁን ቃል እንኳ ተራ ይዞ ነው የሚወጣት።

አክስቴ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ነገርኳት። አባዬ ሬዲዮ እየሰማ ነበር፤ ዘጋው። ለእኔ ብሎ ሬዲዮ ሲዘጋ የመጀመሪያው ነው። ወንበር ሳቡልኝ። ይህንንም መናገር አለብኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። አያቴ ተመታች ብዬ እያለቀስኩ፣ ውስጥ ውስጡን ደግሞ የትልቅ ሰው ወንበር ላይ መቀመጤ ደስ ብሎኝ ነበር።

"ስንቴ መታቻት?" አለች አክስቴ።

"ብዙ፣ ብዙ ጊዜ። በፍጥነት። እንደ ስፌት መኪና።"

አባዬ ሳቅ ሊያመልጠው ምንም አልቀረው። "ማን? ቀስ በቀስ? ይቺ ሴት እኮ ዝንብ እንኳ አስፈቅዳ ነው የምታባርረው!"

"አንተ ሁሉም ነገር ቀልድ ይመስልሃል!" አለችው አክስቴ። "ሰው ሲታይና ሳይታይ አንድ ነው? ልጅ ደግሞ አይዋሽም።"

አባዬ ሳቁን ዋጠው። ያ ሳቁ እውነቱ ነበር፤ ማንም፣ እሱም ራሱ፣ አላዳመጠውም።

ሦስታችንም አያቴ ክፍል ገባን። አክስቴ የአያቴን እጅጌ ገለበችው። ክንዷ ላይ ብይ የምታህል ሰማያዊ ነገር አለች። "ይኸው!" አለች አክስቴ። ያቺ ሰማያዊ ባለፈው ሳምንት ነርስ መጥታ ደም የቀዳችበት መርፌ እንደሆነች ለማስታወስ ማንም ጊዜ አልነበረውም። አክስቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የእናቷን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

"እማዬ፣ ያቺ ሴት ትመታሻለች?"

አያቴ አየቻት። ከዚያ በደህናው እጇ ፍራሹን መታ መታ አደረገች። መዳፏን ጎድጎድ አድርጋ፣ ውሃ እንደምትጨልፍ፤ ቸብ፣ ቸብ፣ ቸብ። ወደ በሩ አየች፤ ደግማ መታ አደረገች።

አክስቴ ጩኸቷን ለቀቀችው። "አያችሁ! እንዴት እንደምትመታት እያሳየችን ነው!"

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ቀስ በቀስ ደረጃውን በየእርከኑ እያረፈች ወጣች። አክስቴ በሩ ላይ ጠበቀቻት። ያለችውን ሁሉ አልደግመውም። ጎረቤት በየበሩ ብቅ አለ። እትዬ አፏን ከፈተች። መልስ እስክታሰናዳ፣ ቃሉን ከወዲያ እስክታመጣው፣ አክስቴ አሥር ነገር ተናግራ ጨርሳለች። ሰው ሲከሰስ ቶሎ ካልመለሰ ያመነ ይመስላል። ያቺ ሴት በእርግማን መካከል "እኔ... እኮ... ለእማማ..." ከሚለው አላለፈችም።

በመጨረሻ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። ከአክስቴ ቀሚስ ኋላ ነበርኩ።

"ልጄ፣ አንቺ ነሽ ያየሽኝ?"

"አዎ።"

"ስመታቸው?"

"አዎ።"

እጆቿን አንስታ አየቻቸው፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ቦርሳዋን ይዛ ወረደች። ወሬው ቀድሟት ስለወረደ፣ ከዚያ በኋላ በሰፈሩ በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ በሩን ዘጋባት።

አክስቴ ፈቃድ ወስዳ እናቷን ራሷ ያዘች። ቸኩላ ትመግባታለች፣ ቸኩላ ትገለብጣታለች፣ ቸኩላ ታለቅሳለች። አያቴ በእነዚያ ቀናት ሥራዋ አንድ ብቻ ነበር፤ በዚያች እጇ ፍራሹን መምታት። ደረቷ ሲር ሲር ይላል፣ እሷ ትመታለች። ደረቷን ታሳያለች፣ ደግማ ትመታለች። አክስቴ እጇን ትይዝላትና "አይዞሽ እማዬ፣ ሄዳለች፣ አትመለስም" ትላታለች። አያቴ ያን ጊዜ እንባዋ ይወርዳል። እኔም ዱላው አልረሳ ብሏት ነው እያልኩ አጠገቧ ቆሜ አለቅስ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት አረፈች። ሐኪሙ ሳንባ ነው አለ።

እንግዲህ ልጅነቴ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ አባዬ ታሞ ሆስፒታል ተኛ። ያ የልጅነት ነገሬ ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው፤ እንደነበረም ረስቼዋለሁ። ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ከአልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳለ አንድ ወጣት ነርስ ገባና አባዬን በጎኑ አስተኛው። መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ ጀርባውን መታ መታ ያደርገው ጀመር፤ ቸብ... ቸብ... ቸብ። የግድግዳው ሰዓት ሲጮኽብኝ ተሰማኝ። መጣ። የነርሱ እጅ ፈጠነ፤ ፈጥኖ ከዓይን ጠፋ። "በርታ አባባ" ያለው ጆሮዬ ላይ ፈነዳ።

"አትምታው!" ብዬ ጮኽኩ። ተነስቼ ክንዱን ያዝኩት።

ልጁ ደንግጦ ቀጥ አለ። አባዬ ግን ሳልና ሳቅ እየተናነቁት ዞረ። "ምን ነካሽ አንቺ? ልጁ እኮ እንደ ሕፃን እያስገሳኝ ነው! ቢመታኝማ ዝም የምል ይመስልሻል?"

"አክታው እንዲላቀቅ ነው፣ እህቴ" አለ ነርሱ። "ካልተላቀቀ ሳንባ ላይ ይቀመጥና ይጎዳል። ደግሞ በጣም ቀስ ብዬ ነው የማደርገው።"

"በፍጥነት ነበር" አልኩ። "እንደ ስፌት መኪና..."

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የአባዬ ሳቅ ቆመ። ተያየን። ነርሱ ሥራውን ጨርሶ ወጣ።

"አክስትሽ እንዳትሰማ" አለ አባዬ በመጨረሻ፣ ጣሪያውን እያየ።

"አባዬ..."

"አንቺ አየሽ። እኔ ነገሩ አልዋጥልህ ብሎኝ ዝም አልኩ። እሷ አባረረች። አሁን በዚህ ዕድሜዋ እናትሽን የገደልሻት አንቺ ነሽ ልንላት ነው? ተይው።"

ከሳምንት በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ስለ ራሴ ጠየቅኩ። አዎ፣ እንዲህ ያለ ነገር አለ አለኝ፤ ሌሎችም ይገጥማቸዋል። ብዙ ጊዜ በልጅነት ከትኩሳት ጋር ይጀምራል፤ እንቅልፍ ሲያጡ ይመለሳል። የሰው እንቅስቃሴ ይፈጥናል፣ የሰው ድምፅ ቁጣ ይመስላል፤ ሌላው ሰው ግን ምንም አልሆነም። "አትጨነቂ፣ ጉዳት የለውም" ብሎ ፈገግ አለ። ነገሩ ላለበት ሰው ማለቱ ነበር።

አባዬ በዓመቱ አረፈ። አክስቴ ኖረች። እንግዳ በመጣ ቁጥር "አንዲት አውሬ ቀጥረን" ብላ ያንን ታሪክ ትጀምራለች፤ "ይቺ ባትደርስባት ኖሮ" ብላ ትከሻዬን ትነካለች። እኔም ሻይ እቀዳለሁ። ዘንድሮ ጉልበቷን አሟታል፣ ለከርሞ ልንገራት፤ ከርሞ ደግሞ ዓይኗን አሟታል። ሰው ፈሪ ሲሆን ምክንያት አያጣም፤ እኔማ በጅምላ ነበር የማከፋፍለው። አክስቴ ባለፈው ዓመት አረፈች። ከዚያ በኋላም ዘጠኝ ወር ቆየሁ፤ በማን እያሳበብኩ እንደሆነ እንጃልኝ።

እትዬ ቀስ በቀስ ሩቅ አልነበረችም። ከቤቴ በአውቶቡስ አራተኛው ፌርማታ ላይ ልጇ ላውንደሪ አላት። በመስታወቱ ውስጥ አይቻት አውቃለሁ፤ ጥግ ላይ ተቀምጣ የተበጠሰ ቁልፍ ስትተክል። ባየኋት ቁጥር በሌላኛው በኩል ተሻግሬ ሄጃለሁ። በዚህ ወር አንድ ማክሰኞ ግን እግሬ ሳልነግረው አስገባኝ።

ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። መርፌው ላይ ክር ለማስገባት እየሞከረች ነበር፤ አልቸኮለችም። አጠገቧ ያለው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዓለም እንደሚቸኩልብኝ፣ በቀዳዳው ያየሁትን፣ አያቴ በእጇ ምን ስትለምነን እንደነበር። ልጇ ከባንኮኒው ኋላ ካውያውን አስቀምጣ ታዳምጣለች።

እሷ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካች። ድሮ አክስቴ ያልጠበቀቻትን ያህል እኔ ጠበቅኳት።

"እኔ እኮ" አለች በመጨረሻ፣ "አንቺን አልጠረጠርኩም። ልጅ አይዋሽም አልኩ። የጠረጠርኩት እጄን ነው። ደክሞኝ ይሆን? ሳላውቀው ከብዶብኝ ይሆን? ከቤት ተናድጄ መጥቼ ይሆን? እያልኩ ስንት ዓመት።" እጆቿን ጉልበቷ ላይ ገለበጠቻቸው። "ባለቤቴ ሲታመም ሐኪሙ ጀርባውን መታ መታ አድርጊለት አለኝ። እሷን አሠራኋት" አለች፣ በአገጯ ወደ ልጇ እያሳየች። "አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። እኔ ቆሜ እነግራታለሁ። አልነካሁትም።"

"እትዬ፣ እጅዎ ምንም አላደረገም" አልኩ። "የእርስዎ እጅ ንጹሕ ነው።"

"ይኸው ዛሬ ነገርሽኝ።" ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ደግሞ፣ ገና አሁን እንደመጣላት፣ "መቼ ነው ግን ያወቅሽው፣ ልጄ?" አለች።

አሥራ አንድ ዓመት ነው። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ልጇ ታየኛለች። ካውያው ቲስ ይላል።

"ሰሞኑን" አልኩ። "ሰሞኑን ነው ያወቅሁት።"

"አየሽ!" አለቻት ልጇን፤ ፊቷ በራ። "እንዳወቀች፣ አንድ ቀን ሳታሳድር መጣች። ስንቱ ሰው ይህን ያደርጋል? ተነሺ፣ ለእንግዳዬ ሻይ አፍይላት።" ከዚያ ያንን እጇን አንስታ ራሴ ላይ አኖረችው። "እግዜር ይባርክሽ። ልብሽን እንዲህ ንጹሕ እንዳደረገው ያቆይልሽ።"

"አሜን" አልኩ።